የሩሲያ ልደት በሱሉልታ፦ የማር ኬክ በብረት ምጣድ

የሩሲያ የልደት ኬክ በልደቱ ዕለት አይሠራም። በዋዜማው ተሠርቶ፣ ሌሊቱን ክሬሙን ጠጥቶ፣ ጠዋት ለስልሶ ይገኛል። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግዳ በተጠራበት ከሰዓት መብራት ቢጠፋ ኬኩ ካለቀ ቆይቷል። ከመሀል ከተማ የተገዛ ቶርታ በባጃጅ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ክሬሙ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ መድረሱም ይቀራል። ሩሲያ ተምሮ የመጣ አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ ወይም ለልጆቻችሁ አዲስ ነገር መሞከር የምትፈልጉ፣ ከወጉ ዋና ዋናውን፣ ከጣፋጩ ደግሞ በዚህ ከፍታና በዚህ ምድጃ የሚሳካውን እነሆ።

ስለ ወጉ አስቀድመን እንጨርስ። ሩሲያውያን ልደቱ ሳይደርስ «እንኳን አደረሰህ» አይሉም፤ መጥፎ ገድ ነው ተብሎ ይታመናል። እኛ ጋ ልደቱ ማክሰኞ ከዋለ ወደ እሑድ ማዞር የተለመደ ነው፤ ስታዞሩት ወደሚመጣው እሑድ ይሁን እንጂ ወዳለፈው አይሁን። የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የያዘ ቤተሰብ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉት ቀኖች ከፈረንጆቹ ጋር ሲነጻጸሩ በአንድ ቀን ይዛወራሉ። በዚያ ወቅት ሩሲያ ላለ ዘመድ የምትደውሉ ከሆነ ቀኑን አረጋግጡ፤ አንድ ቀን መዘግየት ይቅር ይባላል፣ አንድ ቀን መቅደም ግን ቅር ያሰኛል።

አበባ የምትሰጡ ከሆነ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7። ጥንድ ቁጥር ለቀብር ነው የሚወሰደው፤ ይህን ሩሲያ ውስጥ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እቅፉ አሥር ሆኖ ታስሮ ከመጣ አንዷን አውጥታችሁ ቤት አስቀሩ። ባዶ ቦርሳ አይሰጥም፤ ውስጡ ትንሽ ገንዘብ ይደረጋል። ቢላ የተሰጠው ሰው ደግሞ ስጦታው ጠብ እንዳያመጣ ለሰጪው አንድ ሳንቲም ይመልሳል። 40ኛ ልደቱን የማያከብር ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ ብዙ ነው፤ ቁጥሩን ከሞት በኋላ ካለው 40ኛ ቀን ጋር ያያይዙታል። ተዝካር ለምናውቅ ለእኛ ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም፤ ስለዚህ 40 ለሚሞላው ሰው ድንገተኛ ድግስ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ጠይቁት።

እኛ ዘንድ የሥራ ባልደረቦች አዋጥተው ኬክ የሚገዙበት ጊዜ አለ፤ እዚያ ግን ጋባዡ ባለ ልደቱ ራሱ ነው። ቢሮ ኬክና ፍራፍሬ ይዞ የሚገባው እሱ ነው፣ ትምህርት ቤት ለክፍል ጓደኞቹ ከረሜላ የሚያከፋፍለውም ልጁ ነው። ጆሮ መጎተትም አለ፦ በዕድሜው ልክ፣ ከዚያ «እንድታድግ» ተብሎ አንድ ተጨማሪ። ልጆቹ ደግሞ ካራቫይ ይጫወታሉ። ካራቫይ ክብ የድግስ ዳቦ ነው፣ ከድፎ ዳቦ ጋር ወንድማማች ሊባል የሚችል። ባለ ልደቱ መሀል ይቆማል፤ ሌሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዞሩ እየዘፈኑ ዳቦው ስንት ቁመት እንዳለው እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ስንት ዝቅታ እንዳለው ቁጭ ብለው፣ ስፋቱን ወደ ኋላ ተራርቀው፣ ጥበቱን ወደ መሀል ተጠጋግተው ያሳያሉ። በመጨረሻ ባለ ልደቱ ከክቡ አንድ ሰው ይመርጣል፣ የተመረጠው ተራውን መሀል ይገባል። ለግቢ ልጆች የሚመች ጨዋታ ነው፤ ከ6 ልጅ በታች ከሆነ ግን ክቡ አይሞላም።

ከ1917ቱ አብዮት በፊት ኦርቶዶክስ ሩሲያውያን ከተወለዱበት ቀን ይልቅ አጥብቀው ያከብሩ የነበረው በስሙ የተጠሩበት ቅዱስ የሚታሰብበትን ቀን ነበር። በማለዳ ፒሮግ፣ ማለትም ሙሌት ያለው ዳቦ፣ ጋግረው ለዘመድ ይልኩ ነበር፤ መላኩ ራሱ ጥሪ ነው። ለክርስትና አባትና እናት የሚላከው ደግሞ ጣፋጩ ነበር። ይህን ልማድ መልሰን ብንሠራበት ደስ ባለን፤ የክርስትና ልጅ ላለው ሰው ከኬኩ አንድ ቁራጭ በሣህን ከድኖ መላክ ከማንኛውም የጥሪ ካርድ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሜዶቪክ፣ ስስ ሽፋኖች በክሬም ተደራርበው ወደሚሠራው የማር ኬክ። ለዚህ ሰፈር ከሩሲያ ኬኮች ሁሉ የምንመርጠው እሱን ነው። ሽፋኖቹ ስስ ስለሆኑ ከፍታው አያጠቃቸውም፣ ኦቨን ባይኖር በብረት ምጣድ ይበስላሉ፣ ማሩም ከደጃችን ነው።

ስሜታናውን ከሁለት ቀን በፊት ጀምሩ። ስሜታና የረጋ ጎምዛዛ ክሬም ነው፤ ለኬክ ቢያንስ 20 በመቶ ስብ ያለው ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ይፈሳል። ከወተት መሸጫ 700 ሚሊ ሊትር የተፈላ ወይም ፓስቸራይዝድ የሆነ ክሬም ገዝታችሁ፣ ለብ አድርጋችሁ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ቀላቅላችሁ፣ ከድናችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ለገጣፎ በ18 ሰዓት ይረጋል፤ ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈልግ ይችላል። ሲረጋ ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። ክሬም ካጣችሁ 2 ሊትር ያልተቀጠነ እርጎ በንጹሕ ሻሽ ቋጥራችሁ ሌሊቱን አንጠልጥሉት፤ አጓቱ ሲወርድ ከግማሽ ያነሰ ወፍራም እርጎ ይቀራል። ጣዕሙ ይበልጥ ይጎመዝዛል እንጂ ኬኩን አያበላሽም።

ለሊጡ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር (75 ግራም ገደማ)፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨውና 375 ግራም ፉርኖ ዱቄት። ለመዳመጫው ሌላ 50 ግራም ዱቄት ለብቻው ይቀመጥ። በሩሲያ የምግብ አሠራር ሶዳው አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ግን የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ሶዳው ይበረታል፣ ሽፋኑ ይቋጥርና ኋላ ይሰባበራል። ማሩ ሰፈፍ ካለው አሙቃችሁ አጥልሉት።

ማሩን፣ ቅቤውንና ስኳሩን ቂጡ ወፍራም በሆነ ድስት ቀጥታ በዝግታ እሳት አቅልጡ። የሩሲያ ሴቶች ይህን በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ነው የሚሠሩት፤ እዚህ ግን ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ማሩም ቶሎ አይቀላም። ስኳሩ ሲሟሟ ሶዳውን በወንፊት ነፍታችሁ ጨምሩ። ወዲያው ነጭ አረፋ ይሆናል፣ በእጥፍ ያድጋል፤ ድስቱ ትልቅ ይሁን። ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ጠብቁ። አረፋው ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቀላ ያለ የጠጅ ቀለም ሲመጣ አውርዱ። የኬኩ መልክና መዓዛ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ኬኩ ነጣ ብሎ የሶዳ ጣዕም ይተዋል፣ ቡናማ እስኪሆን ካዘገያችሁ ይመራል።

እንቁላሉን ከመጨመራችሁ በፊት 10 ደቂቃ አቀዝቅዙት። ጣት የሚታገሠው ሙቀት ላይ ሲደርስ የተመታውን እንቁላል በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ በፍጥነት አማስሉ። ቸኩሎ የጨመረ ሰው ድስቱ ውስጥ የእንቁላል ፍርፍር ያገኛል፤ ያንን ማጥለል እንጂ ማስተካከል አይቻልም። ዱቄቱን በሦስት ጊዜ ጨምሩ። ሊጡ ትኩስ ሳለ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ «ቀጥኗል» ብሎ ዱቄት ይጨምራል። አትጨምሩ። ሲቀዘቅዝ ቅቤውና ማሩ ራሳቸው ያጠነክሩታል። ዱቄት የበዛበት ሽፋን ክሬም አይጠጣም፣ በሁለተኛውም ቀን ብስኩት ሆኖ ይቀራል።

ለ8 ድቡልቡል ከፍላችሁ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ። እያንዳንዱን በመጋገሪያ ወረቀት ላይ 2 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ዳምጡና በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉ። ኦቨን ያለው በ180 ዲግሪ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይጋግረው። ኦቨን የሌለው ብረት ምጣድ ወይም ሰፊ ወፍራም መጥበሻ ያለ ዘይት በዝግታ እሳት ያሙቅ፤ ሊጡን ከነወረቀቱ ገልብጦ ይጣልና ወረቀቱን ይላጥ፣ ክዳን ገጥሞ በአንዱ ጎን 2 ደቂቃ፣ በሌላው አንድ ደቂቃ ተኩል ያብስል። በሰፌድ ወይም በጠፍጣፋ ክዳን ገልብጡት፤ በማማሰያ ከሆነ ይቆረሳል። ጋዝ ላይ መሀሉ ቀድሞ ስለሚያር መጥበሻውን ዞር ዞር አድርጉ። የእንጀራ ምጣድ ላይ ግን በፍጹም እንዳታደርጉት፤ ስኳሩ ምጣዱ ላይ ይቀርና ቀጣዩን እንጀራ ይይዝባችኋል።

ሽፋኑ ከእሳት እንደወረደ፣ ሳይደርቅ፣ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የድስት ክዳን ደፍታችሁ ጠርዙን በቢላ ዙሩ። አንድ ደቂቃ ከቆየ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን አትጣሉት፣ መሀል ላይ ይገባል። ቁርጥራጩ ሲደርቅ በሙቀጫ ተወቅጦ ላይኛውን የሚያለብስ ፍርፋሪ ይሆናል።

ለክሬሙ 700 ግራም ስሜታና ከ150 ግራም የተፈጨ ስኳር ጋር በማንኪያ ብቻ ቀላቅሉ፤ ብዙ የተመታ ስሜታና ቅቤ ይሠራል ወይም ይቀጥናል። የምታቀርቡበት ሳህን ላይ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ክሬም ቀቡ፣ የታችኛው ሽፋን ደርቆ እንዳይቀር። ከዚያ በየሽፋኑ መሀል ሞልተው የወጡ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ። ጠርዙን የረሳ ሰው ኬኩ ዳር ዳሩን ጠንክሮ ያገኘዋል። ላዩንና ዙሪያውን ቀብታችሁ ፍርፋሪውን በመዳፍ አልብሱት። መጀመሪያ 2 ሰዓት ውጭ ይቆይ፣ ክሬሙ መግባት የሚጀምረው ሳይቀዘቅዝ ነው፤ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 12 ሰዓት። ፍሪጅ ለሌለው የበጋ ሌሊት የሱሉልታ ወለል ይበቃል፤ ለጉንዳን ግን ኬኩን የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጡ፣ እሱን ደግሞ ውሃ ባለው ትሪ መሀል አኑሩ፣ ከላይ ሰፋ ያለ ድስት ድፉበት። በክረምትና በሞቃት ሳምንት ወተት ያለበትን ነገር እንዲህ አታሳድሩ።

ከሜዶቪክ ቀጥሎ ልጆች የሚወዱት ሙራቬይኒክ ነው፣ የጉንዳን ኩይሳ የሚመስል ክምር። ለእሱ የተቀቀለ ጣፋጭ ወተት ያስፈልጋል። ሩሲያውያን የታሸገውን ጣፋጭ ወተት ከነቆርቆሮው ውሃ ውስጥ ይቀቅሉታል፤ በዝቅተኛ አገር ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ እኛ ጋ ውሃው ስለማይሞቅ እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። ቆርቆሮው ሁልጊዜ ከላዩ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይኑረው። ውሃው አልቆ ከተጋለጠ ይፈነዳል። ሳይቀዘቅዝ መክፈትም ያው አደጋ ነው፣ ትኩሱ ወተት ፊት ላይ ይረጫል። በዚያ ላይ በሱቅ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ በወተት ስብ ፈንታ የአትክልት ዘይት ያለባቸው ናቸው፤ እነሱ ሲቀቀሉ በደንብ አይወፍሩም፣ ጽሑፉን አንብቡ።

የከብት ወተት በየጎረቤቱ ባለበት ሰፈር ግን ከዜሮ መሥራቱ ይሻላል። አንድ ሊትር ያልተቀጠነ ወተት፣ 300 ግራም ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በትልቅ ድስት ክፍቱን በዝግታ ይንተክተክ። ሶዳው ወተቱ እንዳይቋጠር ይረዳል፣ ቀለሙንም ያቀላዋል። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አልፎ አልፎ ማማሰል ይበቃል፤ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ግን ከድስቱ አትራቁ፣ ካረረ ጣዕሙ ከላይ እስከ ታች ይዛመታል። ማንኪያውን ስትጎትቱ የድስቱ ቂጥ ለአፍታ ከታየ ደርሷል፤ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይወፍራል። ይህን ከ150 ግራም ለስላሳ የገበታ ቅቤ ጋር መትታችሁ፣ በጣት ከተሰባበረ 500 ግራም ደረቅ ብስኩት ጋር አዋሕዱና በእጅ ጥብቅ አድርጋችሁ ሳህን ላይ ከምሩት። ወተቱ ሳይበርድ ቅቤው ከገባበት ይቀልጥና ክምሩ ይንዳል። እዚያ ላዩን የሚበትኑበት ጥቁር የፖፒ ፍሬ እዚህ ስለማይገኝ የተቆላ ሰሊጥ ያምርበታል፣ እንዲያውም ከጣፋጭነቱ ጋር የተሻለ ይሄዳል ባይ ነን።

እሳት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈልገው ኮልባስካ ነው፣ ቋሊማ የሚመስል የካካዎ ጥቅል። 100 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 150 ግራም ስኳርና 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ አንድ ጊዜ አፍሉ፤ ካካዎውን መጀመሪያ በደረቁ ከስኳሩ ጋር ካልቀላቀላችሁት ይጓጉላል። ከእሳት አውርዳችሁ 200 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጡበት። ለብ ሲል 400 ግራም የተሰባበረ ብስኩትና 100 ግራም የተቆላ ኦቾሎኒ ላይ አፍስሱ። ትኩሱን ካፈሰሳችሁ ብስኩቱ ይላቁጥና ሲቆረጥ ነጭ ነጩ አይታይም፤ ውበቱ ደግሞ እሱ ነው። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ 3 ጥቅሎች አድርጉና 4 ሰዓት አቀዝቅዙ።

ስለ ናፖሌኦን ባጭሩ፦ ስስ የቅቤ ሽፋኖቹ ከእንቁላልና ከወተት ክሬም ጋር የሚደረደሩበት ኬክ ነው፤ ስሙን ከ1812ቱ ድል 100ኛ ዓመት ክብረ በዓል ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። በመጥበሻ ይሠራል፣ ግን ቅቤው ሊጡ ውስጥ ሳይቀልጥ መዳመጥ ስላለበት ያለ ፍሪጅ አድካሚ ነው። የሞስኮው ፕራጋ ሬስቶራንት ኬክ ሠሪዎች የነቭላድሚር ጉራልኒክ ሥራ የሆነው «ፕቲቺዬ ሞሎኮ» (በ1982 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘ ኬክ ነው) አጋር አጋር (ከባሕር አረም የሚገኝ ማርጊያ) ይፈልጋል፤ በጀላቲን የተካው ሰው ጎማ የሚመስል ነገር ይበላል። ለመሞከር የሚደፍር ካለ፣ የስኳር ሽሮፑን በቴርሞሜትር ሲለካ አሠራሩ ላይ ከተጻፈው 8 ዲግሪ ይቀንስ። በእኛ ከፍታ 117 የተባለው 109 ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ልደቱ በጾም ከዋለ ኮቭሪዥካ አለ። ኦርቶዶክስ ሩሲያውያንም ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ይጾማሉ፣ ስለዚህ እንቁላልና ወተት የሌለው የማር ኬክ ከጥንትም አላቸው። 200 ሚሊ ሊትር ጠቆር ያለ ሻይ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማርና 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ለብ አድርጋችሁ አዋሕዱ። በሌላ ሳህን 340 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና 4 የተወቀጠ ቅርንፉድ። ፈሳሹን ደረቁ ላይ ጨምራችሁ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስሉ፣ ወዲያውም በ180 ዲግሪ 35 ደቂቃ ጋግሩ። ሊጡ ከቆየ የሶዳው ኃይል ያልፋል፣ ኬኩም መሀሉ ይሰረጉዳል። ይህኛው ወፍራም ስለሆነ በመጥበሻ አይሞከር፤ ኦቨን ከሌለ ለድፎ ዳቦ እንደምታደርጉት ከላይም ከታችም ፍም ይሁን።

በሩሲያ ማዕድ ኬኩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ቀዝቃዛው ሰላጣ፣ ትኩሱ ምግብ፣ ለባለ ልደቱና ለወላጆቹ የሚነሣው ጽዋ ሁሉ ካለፈ በኋላ ገበታው ተነሥቶ ሻይ ይቀርባል። ሻይው ስኳር ሳይኖረው ይፈላ፤ ከሜዶቪክ ጋር ጣፋጭ ሻይ አፍ ይዘጋል፣ ቡና ያለ ስኳርም በጣም ይስማማዋል። 20 ሳንቲ ሜትሩ ኬክ ለ14 ሰው ይበቃል። ቢላውን በሙቅ ውሃ እየነከራችሁና እየጠረጋችሁ ቁረጡ፣ ሽፋኖቹ ተለይተው ይታያሉ። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ከመጀመሪያውም ይጣፍጣል። ልጁ ወደ ክፍል የሚወስደው ግን ኮልባስካው ይሁን፤ ሦስቱ ጥቅሎች በአንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲቆረጡ 60 ይወጣቸዋል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ኮቭሪዥካውን በትንንሹ ቁረጡለት፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ክፍሉ ውስጥ እንዳለም መምህሯን አስቀድማችሁ ጠይቁ።